ከገሳይ በላይ የተደረመሰው ቦይ

ጸዳለ የምትመራው ፕሮጀክት ከገሳይ ከተማ በላይ ካለው ምንጭ ውኃ ስቦ ለሦስት ቀበሌዎች የሚያደርስ ነበር። ጎበዝ መሐንዲስ ናት፤ ሥራውን ሁሉ በቃሏ ትይዘዋለች። ቱቦው የት እንደ ደረሰ፣ ማን ምን እንደ ታዘዘ ቢጠይቋት ሳታመነታ ትመልሳለች። የሥራ መዝገቡ ግን ደብረ ታቦር ቢሮዋ ውስጥ ባዶውን ከርሟል። ትእዛዟ ሁሉ በስልክ ነበር።

በግንቦት አጋማሽ፣ ዝናቡን ሁለት ቀን ሲያወርደው ቆይቶ ባባራ ማግስት፣ ፎርማኑ ጋሽ እሸቴ ደወሉላት።

«ኢንጂነር፣ ለቱቦው የምንቆፍረው ቦይ አፋፉ ተሰንጥቋል። ጥልቀቱም ከሰው ቁመት አልፏል። መደገፊያው እንጨት እስኪመጣ ሰዉን ላውጣው?»

ጸዳለ ሥራው ለምን እንደ ዘገየ የምትጠየቅበት ስብሰባ ላይ ነበረች። ከበሩ ወጣ ብላ፣ «ጋሽ እሸቴ፣ የዛሬን ቀጥሉ፤ እንጨቱ ነገ ይደርሳል» አለቻቸውና ዘጋችው።

ከሰዓት በኋላ ቦዩ ተደረመሰ። ሌሎቹ ዘለው ሲወጡ ወርቁ የሚባል የሠላሳ ዓመት ሰው ከሥር ቀረ። አፈሩን በእጃቸው ጭምር እየዛቁ ሲያወጡት ሕይወቱ አልፎ ነበር።

በሳምንቱ አጣሪ ኮሚቴ ተቀመጠ። ሰብሳቢው መጀመሪያ የጠየቀው ጋሽ እሸቴን ነው።

«መሰንጠቁን እያወቁ ለምን ሰው አስገቡ?»

«ደውዬ ጠይቄያለሁ።»

«የተጻፈ ነገር አለ?»

«የለም ጌታዬ። በስልክ ነው።»

«መደወልዎ ምን እንደ ተባሉ አያሳይም» አለ ሰብሳቢው።

ጋሽ እሸቴ ወደ ጸዳለ ዞረው እንኳ አላዩም። ከሁሉ የከበዳት ይኸው ነው። ዝም ብትል ነገሩ በእሳቸው ላይ እንደሚያልቅ፣ ባዶው መዝገብም እሷን እንደሚሸሽጋት ገባት።

«ደውለውልኛል» አለች ተነሥታ። «ሰዉን ላውጣ ወይ ብለው ጠይቀውኛል። ቀጥሉ ያልኩት እኔ ነኝ። ይኸው በቃለ ጉባኤው ይስፈርልኝ።»

«የሚሉትን ያውቁታል?»

«አውቀዋለሁ።»

በዚያው ሳምንት ጋሽ እሸቴን አስከትላ ወደ ወርቁ ባለቤት ወደ የሺ ቤት ሄደች። የሆነውን ሳታስቀር ነገረቻት። የሺ ጥቁር ልብሷን ሰብስባ አዳመጠቻትና፣

«በወረቀታችሁ ላይ ምን ተብሎ ተጻፈ?» ስትል ጠየቀቻት።

«አንድ የቀን ሠራተኛ ይላል።»

«አንድ? ስም አለው እኮ! ወርቁ ሙላቴ ነው።»

ጸዳለ ከቦርሳዋ ወረቀት አውጥታ እዚያው ጻፈች፤ ስሙን፣ ቀኑን፣ ጋሽ እሸቴ ያሏትን፣ እሷም የመለሰችላቸውን። ከዚያ አነበበችላት። የሺ ይቅር ብዬሻለሁ አላለቻትም። «ለኮሚቴው ስታስገቢው እንዲህ አድርገሽ አስገቢው» አለቻትና ፊቷን አዞረች።

ጸዳለ ከኃላፊነቷ ተነሣች። ፍርድ ቤት በገደብ የወሰነባትንም የእስራት ቅጣት ይግባኝ ሳትል ተቀበለች። በዓመቱ በሌላ ሰው ሥር ተራ መሐንዲስ ሆና ወደዚያው ሥራ ስትመለስ ጠዋት ጠዋት የምትገኘው ከቢሮ ሳይሆን ከቦዩ አፋፍ ነበር። በመዝገቡ ያሰፈረችውን የትናንቱን ውሎ ጮክ ብላ ታነባለች፤ ሠራተኞቹ «እሱስ እንዲህ አልነበረም» ሲሏት ሰርዛ ታርማለች። አዲሱን ኃላፊ አስፈቅዳም፣ አደጋ የታየው ሰው ማንም ይሁን ማን ሥራውን እንዲያስቆም፣ ምክንያቱም እንዲጻፍለት አደረገች።

አንድ ጠዋት ድንጋይ የምታመላልሰው ፈንታነሽ ከቦዩ ጎን ውኃ ሲያዥ አየችና «ውጡ!» ብላ ጮኸች። ሁሉም ወጡ። ቀኑን ሙሉ ሥራ ተፈታ። ቦዩ ግን አልተናደም።

ኃላፊው ስለ ባከነው ቀን ሲጠይቅ ጸዳለ አልተከራከረችም፤ ፈንታነሽ ሥራውን ያስቆመችበት ምክንያት የሰፈረበትን መዝገብ ገልጣ ሰጠችው። ቆሞ አነበበና ከፈንታነሽ ስም ሥር ፈረመ። በማግስቱ ግድግዳውን በእንጨት ደግፈው ቁፋሮውን ቀጠሉ።