ከባለቤቱ ጋር የሚሄደው ፈቃድ

እናትየው በግራ እጇ የፀጉር ማድረቂያ፣ በቀኟ ምላጭ ይዛ፣ ትንፋሿን ዋጥ አድርጋ፣ ከአሮጌው ኮምፒውተር ጎን ላይ ስቲከሯን እየላጠች ነበር። ረጅም የቁጥርና የፊደል ድርድር የተጻፈባት፣ ከጣት የማትበልጥ ስቲከር ናት። ሠላሳ ዓመት የሰው ውልና ማመልከቻ ሲተይብ የኖረ እጅ ነውና አንዲት ጥግ ሳትቀደድ ለቀቀች።

«እማዬ፣ ምን እየሠራሽ ነው?» አለች ልጅቷ ከጽሕፈት ሱቃቸው በር ላይ።

«የዊንዶውሱን ፈቃድ እያዛወርኩ ነዋ! አዲሱ ማሽን ያለ ፈቃድ አይሆንም ተብሏል። ከአንዱ አንስቶ ለሌላው መስጠት ነው፤ ምን ይከብዳል?»

ልጅቷ ልትናገር አፏን ስትከፍት ስቲከሯ አዲሱ ማሽን ግንባር ላይ በማስመሪያ ተለክታ ቀጥ ብላ ተለጥፋለች። እናቷ በመዳፏ መታ መታ አደረገቻት። ማሽኑ ሲከፈት ግን ያቺ ግራጫ ማሳሰቢያ እስክሪኑ ጥግ ላይ እንዳለች ናት፦ ዊንዶውሱ ፈቃድ የለውም።

«ግትር!» አለችው እናትየው።

ቀትር ላይ፣ አዲሱን ማሽን ዕቃ በዕቃ የገጣጠመው፣ ሰፈሩ ሁሉ «ዶክተር» የሚለው ኮምፒውተር ጠጋኝ መጣ። ስቲከሯን አያት፤ ጎንበስ ብሎ ደግሞ አያት፤ ከዚያ ሆዱን ይዞ ሳቀ።

«እትዬ፣ እዚህ ሥራ ላይ አሥራ አምስት ዓመት ቆይቻለሁ። ፈቃድ በፀጉር ማድረቂያ ሲዛወር ያየሁት ግን ገና ዛሬ ነው!»

«ሳቅ፣ ሳቅ! ሲበቃህ ታስረዳኛለህ።»

«ፈቃዱ ሁለት ዓይነት ነው» አለ ዓይኑን እየጠረገ። «አንደኛው ኦኢኤም ይባላል። ርካሽ ነው፤ ግን አንድ ማሽን ላይ ከገባ በቃ፣ እዚያው ነው። ዋናው ሰሌዳ፣ ማዘርቦርዱ፣ ሲሞት አብሮት ይሞታል። የአሮጌው እንደዚያ ነው፤ ወረቀቷን ቢልጧትም ፈቃዱ ንቅንቅ አይልም። ሁለተኛው ሪቴይል ነው። ወደድ ይላል፤ ግን የሚከተለው ማሽኑን ሳይሆን ባለቤቱን ነው። ከዚህኛው አንስተው ሌላው ላይ ይጭኑታል፤ የትም ይዘውት ይሄዳሉ።»

«ታዲያ ርካሹን ነዋ! ይሄ ማሽን ከዚህ ጠረጴዛ ተነሥቶ የት ሊሄድ ነው?» አለች እናትየው። ይህን ስትል ታይ የነበረው ግን ዶክተርን አልነበረም።

ልጅቷ ወለሉን አየች። ከአንድ ጫማ መደብር በላይ፣ ባለ አንድ መስኮት ክፍል ተከራይታለች። የሠርግ ካርድና የመጽሐፍ ሽፋን የምትሠራበት፣ የራሷ ቤት። በሚቀጥለው ወር ትገባለች። ሦስት ሳምንት ሙሉ ጠዋት ጠዋት መስተዋት ፊት «እማዬ፣ ልወጣ ነው» ትላለች፤ እናቷ ፊት ስትደርስ ትውጠዋለች። ስምንት ዓመት ጎን ለጎን ሲሠሩ እናቷ አንድም ቀን ብቻዋን ሱቁን ከፍታ አታውቅም።

«የምትሠሪበት አንቺ ነሽ» አላት ዶክተር። «የትኛው ይሻልሻል?»

«እኔ... ያው... እማዬ እንዳለችው።» ጆሮዋ ጋለ።

እናትየው ምላጩን አስቀመጠች። መሳቢያዋን ሳበችና ሁለት ገጽ ወረቀት አወጣች።

«ባለፈው ማክሰኞ አንዱን ቅጂ ፕሪንተሩ ላይ ረስተሽዋል።»

የክፍሏ የኪራይ ውል ነበር።

«እማዬ፣ ልነግርሽ ነበር...»

«የምስክር ቦታ የለውም!» አቋረጠቻት። «ስምንት ዓመት ከኔ ጋር የሰው ውል ስትተይቢ ኖረሽ የራስሽን ያለ ምስክር? ሰው ቢሰማ ምን ይለኛል? እንደገና ተየብኩት።»

ልጅቷ ሁለተኛውን ገጽ ገለጠች። ከታች ሦስት የምስክር መስመሮች ተሰምረዋል። የመጀመሪያው ላይ፣ ጭራው የረዘመ የእናቷ ፊርማ አርፏል።

«ከማክሰኞ ጀምሮ እያወቅሽ ዝም አልሽ?»

«አንቺስ? ሦስት ሳምንት መስተዋት ስታነጋግሪ ግድግዳው ስስ መሆኑን ረሳሽው?»

ልጅቷ መጀመሪያ በእጇ አፏን ያዘች፤ አልሆነላትም፤ እንባና ሳቅ አንድ ላይ አመለጣት። እናቷም ትከሻዋ እስኪርገፈገፍ ሳቀች።

«እኔ ልውጣ እንዴ?» አለ ዶክተር።

«የት ትሄዳለህ? ሁለተኛ ምስክር ነህ፤ ፈርም። ከዚያ ያንን ከባለቤቱ ጋር የሚሄደውን አስገባልን፤ በሷ ይመዝገብ። ስትሄድ ይዛው ትሂድ፤ ለዚህኛው ያኔ ርካሹን እገዛለታለሁ።» ወደ ልጇ ዞረች። «ማሽኑን ግን እንዳታልሚው!»

ዶክተር ፈርሞ አዲሱን ፈቃድ አስገባ፤ ልጅቷ ተቀምጣ መመዝገቢያው ላይ ኢሜይሏን ጻፈች። ቀጥሎ አንድ ባዶ ሳጥን መጣ፦ «የይለፍ ቃልዎ ቢጠፋብዎ መልሰው የሚያገኙበት ስልክ ቁጥር»። ሁለተኛ ቁጥር ነበራት፤ ለአዲሱ ሥራዋ ያወጣችው። ጣቷ ጥቂት ቆመ። ከዚያ ማንንም ሳትጠይቅ፣ ከልጅነቷ ጀምሮ በቃሏ የምታውቀውን ቁጥር ጻፈች።

ከጎኗ ያለው ጠረጴዛ ላይ የእናቷ ስልክ ጮኸ።

«ምን የሚሉት ቁጥር ነው የላኩልኝ?»

«የማረጋገጫ ቁጥር ነው፤ አንብቢልኝ፣ እማዬ።»

እናትየው መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ አድርጋ፣ ውል እንደምታነብ ሁሉ፣ ጮክ ብላ አንድ በአንድ ታነብላት ጀመር።