ሳሙናው ላይ ያለችው ሴትዮ

የልብስ ሳሙና ላይ የሰው ፊት እሠራለሁ። ሙሉ ሐውልት አይደለም። ሳሙናውን በምላጭ ደልድዬ፣ በተሳለ የጃንጥላ ሽቦ ዙሪያውን እየፋቅኩ፣ ሰውየው ከደረቱ በላይ ትንሽ ብቅ እንዲል ነው የማደርገው፤ ከጥፍር ውፍረት አይበልጥም። ከስድስተኛ ክፍል ስወጣ ያልመለስኩት የታሪክ መጽሐፍ አለኝ፣ ሥዕሎቹን ከሱ ነው የማየው። አፄ ቴዎድሮስን ሦስት ጊዜ ሠርቻቸዋለሁ፣ ሹሩባቸው ለእጅ ይመቻል። ራስ አሉላን አንዴ፤ ጢማቸው ተቆርሶብኝ ቀኑን ሙሉ ማንንም አላናገርኩም።

እማዬ ትነጫነጭ ነበር። «ንጉሥ ይዤ ካልሲ ልጠብ?» ትልና ሌላ ሳሙና ልትገዛ ማረሚያ ቤቱ አጠገብ ወዳለው የሰኪና ሱቅ ትሄዳለች።

እማዬ ሐምሌ ላይ ሞተች። የታመመችው ሦስት ቀን ብቻ ነው።

አባቴ ቀጀላ ይሄን አያውቅም። ለገላን ኮንዶሚኒየም አሸዋ ሲያመላልስ በሲኖትራክ ሰው ገጭቶ ከታሰረ ሁለት ዓመቱ ነው፤ አንድ ዓመት ከምናምን ይቀረዋል። ደም ግፊትም አለበት። የእማዬ ታላቅ ወንድም ጋሼ ፀሐዩ የዕድር ሰዎችን አማክረው መርዶው ሲፈታ ይነገረዋል አሉ። እኔን ደግሞ መጽሐፍ ቅዱስ አስመትተው አስማሉኝ። እዛ ውስጥ ቢወድቅ ተጠያቂዋ አንቺ ነሽ አሉኝ። እሺ ከማለት ሌላ ምን አማራጭ አለኝ?

ስለዚህ እሁድ እሁድ ከቤት በጥቁር ልብስ እወጣለሁ፣ ከሰኪና ሱቅ ጀርባ ገብቼ አወልቀውና ቀይ ቲሸርት እለብሳለሁ። አባቴ ከሽቦው ማዶ ቆሞ እናትሽስ ይለኛል። አንዴ ጉልበቷን አሟት፣ አንዴ ጸበል ሄዳ፣ አንዴ ለቅሶ ቤት ውላ። ሰላም በያት ይላል፤ በሚቀጥለው እሁድ መልሷን አመጣለታለሁ። እማዬን አሳምሬ ነው የማስመስላት። እንደሷ እጄን ወገቤ ላይ አድርጌ ጨው አትብላ ብላሃለች እለዋለሁ፣ ይስቃል። ስወጣ ግን ጥቁሩን ለመልበስ እጄ እጅጌውን ያጣዋል። እንዲህ ሆኜ ሰባት እሁድ። አንድ ሰው እናቱን ቀብሮ በየሳምንቱ ራሱ ሲያስነሳት እንዴት አያብድም? ሰኪናን ላብድ ነው አልኳት። እሷም ብዙ አልመከረችኝም፤ አንድ ሳሙና ከመደርደሪያው አውርዳ ሰጠችኝና ሥሪ፣ እጅሽ እንኳን ይረፍ አለችኝ።

ያኔ ነው የታየኝ። የማልኩት በአፌ ነው፤ በእጄ አልማልኩም። ለአባቴ እስከዛሬ ሳሙና ላይ ሠርቼ ያስገባሁለት ሰው ደግሞ ሁሉም ሟች ነው፣ በሕይወት ያለ ሰው ሠርቼ አላውቅም። እማዬን ከነሱ ጋር ሲያገኛት ይገባዋል አልኩ።

ያለኝ ፎቶ የመታወቂያዋ ብቻ ነው፣ እሱም ፊት ለፊት። እኔ የምሠራው ከጎን ነው። ከጎን ምን ትመስል እንደነበር ለማስታወስ ዓይኔን ብጨፍን ጠፋችብኝ። ሁለት ወር እንኳን ሳይሞላት! መሬት ላይ ተንከባለልኩ። አራት ሳሙና አበላሽቼ፣ በአምስተኛው ሻሿን ስቋጥር ከሥሩ አገጯ መጣልኝ፣ ቀጥሎ ሌላው።

እሁድ ፈታሿ ሳሙናውን በወስፌ ወጋችው፤ ደግነቱ ከጀርባው ነው። ፖሊሱ ተቀብሎ ለአባቴ አቀበለው። ያን ቀን ጋሼ ፀሐዩም አብረውኝ መጥተው አጠገቤ ቆመዋል። እዛ መጠየቂያው ቆርቆሮ ሥር ብርሃኑ ከፊት ነው የሚመጣው፣ እንዲህ ያለ ሥራ ደግሞ ብርሃን ከጎን ካልመታው አይታይም።

«ይቺ ደግሞ የትኛዋ ንግሥት ናት?» አለኝ አባቴ።

«ዘንበል አድርገው።»

ዘንበል አደረገው። ከዛ ፊቱ በራ። እኔ የጠበቅኩት እንደሱ አልነበረም።

«እታገኝ ናትኮ» አለ። አጠገቡ ላለው እስረኛ አሳየው፤ ሚስቴ ናት፣ ልጄ ናት የሠራቻት አለው። ጉልበቷን እያመማት ይሄን ሁሉ ሰዓት ቁጭ ብላልሽ ነው አለኝ። አልታጠብበትም፣ ትራሴ ሥር ነው የማስቀምጣት፣ እንደሱ ብሏል በያት አለ።

ጋሼ ፀሐዩ በክርናቸው ጎሰም አደረጉኝ፤ እሺ በይ ማለታቸው ነው። ልልም ነበር። የእማዬ መልስ ራሱ ምላሴ ጫፍ ደርሶ ነበር። ግን ደስታው አስፈራኝ፣ ከግፊቱ በላይ አስፈራኝ።

«አልተቀመጠችልኝም፣ አባዬ» አልኩት።

«እና?»

«ከመታወቂያዋ ላይ ነው። የቀረውን በማስታወስ።»

«ቤት ውስጥ እያለችልሽ?»

አባቴ ጋሼ ፀሐዩን አየ፤ እሳቸው ጫማቸውን አዩ። ሳሙናውን ሲዳብስ የነበረው አውራ ጣቱ ቆመ።

«ስንት ቀኗ ነው?» ሲል የጠየቀው እኔን ነው።

«አርባዋ ወጥቷል።»

አልወደቀም። ግንባሩን ሽቦው ላይ አስደገፈ። ጋሼ ፀሐዩ በርታ፣ ወንድ አይደለህ ወይ ሊሉት ሲጀምሩ ቀና ሳይል በእጁ አስቆማቸው።

«ይሄን ሁሉ እሁድ ብቻሽን?» አለኝ።

ሰዓት አልቋል ተባለ። ፖሊሱ ትከሻውን ይዞ ሲያዞረው ሳሙናውን በሁለት እጁ ጨምቆ ደረቱ ላይ ይዞት ነበር፣ ጣቶቹ በላብ ረጥበው ያብረቀርቃሉ። በእጅህ አትያዘው ልለው ፈለግኩ። ሳሙና ላብ ሲነካው ይሟሟል፤ መጀመሪያ የሚጠፋው አፍንጫ ነው።