ያልተኮሰው ካውቦይ

"አሁን ሽጉጡን ሊያወጣ ነው!" አለ ሄኖክ በማይኩ።

ሽማግሌው ካውቦይ ያወጣው ገመድ ነበር።

ሄኖክ ቆቦ ባለችው ቪዲዮ ቤቱ የፈረንጅ ፊልም በአማርኛ እየተረጎመ ያሳያል፤ አስተርጓሚውም ራሱ ነው። የዛሬው ፊልም ግን አንድ ሰዓት ሙሉ ጥይት አልጮኸበትም። ወጣቶቹ ማጉረምረም ሲጀምሩ የሌለ ጠላት ፈጠረላቸው።

"የወንድሙን ገዳይ እያሳደደ ነው!"

"ውሸትህን ነው" አሉ ከኋላ አባባ ረዲ። "ላሚቱ ምጥ ይዟታል። ጅራቷን አታይም?"

ወዲያው ጥጃዋ ዱብ አለች። ቤቱ በሳቅ አውካካ።

"አባባ፣ እንግሊዝኛ ይችላሉ እንዴ?" አለ አንዱ።

"የላም እችላለሁ።"

አባባ ረዲ የገቡት ለፊልም አልነበረም። ገበያ መሃል ጉልበታቸው እምቢ ሲላቸው፣ ሰው ሳያይ ለማረፍ ነው። ነገ ከብቶቻቸው ወደ ዞብል ተራራ ግርጌ ለግጦሽ ይወርዳሉ። አርባ ዓመት ከፊት የመሩት እሳቸው ናቸው። ልጃቸው ሙህሲን "ዘንድሮ እኔ ልምራ" ቢላቸው "ሞቻለሁ እንዴ?" ብለው ዝም አሰኝተውታል።

ሄኖክ ማይኩን አቀበላቸው። "በሉ እርስዎ ይተርጉሙ።"

"ይሄ ሰውዬ ሥራ ያውቃል" አሉ። "ገመዱን ወገቡ ላይ አላሰረም። ያሰረ ይጎተታል።"

ካውቦዩ ፈረሱ ላይ ሊወጣ ሞከረ። አልቻለም። ደገመ። አሁንም አልቻለም።

"ምን ሆነ?" አሉ ወጣቶቹ።

አባባ ረዲ የራሳቸውን ጉልበት ዳሰሱ።

"ጉልበቱ ነው" አሉ።

ካውቦዩ ልጓሙን ለአንዲት ወጣት ሰጥቶ፣ ድስትና ዱቄት የጫነው ጋሪ ላይ ወጣ። መንገዱ ቀጠለ። በፊልሙ ውስጥ ማንም አልሳቀም፤ በቪዲዮ ቤቱም።

"ይህን የመሰለ ፊልም ደባሪ ነው ያለው ማነው?" አለ አንዱ።

"እኔ" አለ ሄኖክ። "ሌላኛው ፍላሽ ባይበላሽ አልከፍተውም ነበር።"

አባባ ረዲ ውጭ ወጥተው ስልክ ደወሉ።

"ሙህሲን፣ ነገ ከፊት አንተ ምራ።"

"አባ፣ ምን ሆኑ?"

"ጉልበቴ ነው። አሞኛል፤ ከጀመረኝ ቆይቷል።"

"አልሃምዱሊላህ!" አለ ሙህሲን፤ ከዚያ ደነገጠ። "ማለቴ... ስለነገሩን ነው እንጂ።"

"ገብቶኛል ገብቶኛል" አሉ እየሳቁ። ከደረታቸው ላይ አንድ ኩንታል የወረደ መሰላቸው።

ስልኩን ዘግተው መንገድ ዳር የቆመ ባጃጅ ጠሩ።

"ነገ ንጋት ላይ፣ ከከብት ኋላ ቀስ እያልክ እስከ ጥርጊያው መንገድ ጫፍ ትሄድልኛለህ?"

"ችግር የለም አባባ። ጭነቱ ምንድን ነው?"

"እኔ ነኝ።"