የኢቅባል ጥቅል

«ከዱባይ ነው ያመጣሁለት!» አለ ዘፋኙ ሐሰቡ ከግንቡ ማዶ። «በእጄ! ሻንጣዬ ውስጥ በፎጣ ጠቅልዬ!»

ረዛን የሻይ ብርጭቆ ማጠቧን አቆመች። የወንዶቹ ድንኳን መንገዱ ላይ የግቢውን ግንብ ተደግፎ ስለተተከለ፣ እዚያ የሚወራው ሁሉ እዚህ ሴቶቹ ዘንድ ይሰማል። አባቷ ጠይፉር ሰው በመጣ ቁጥር ይነሳል። መዳፎች ይዘረጋሉ፣ ለሟች ፋቲሃ ይቀራሉ፣ ፊታቸውን ይዳብሳሉ፣ ይቀመጣሉ። ከዚያ ወሬ ነው። የዛሬው ወሬ ስለ ጠይፉር ጊታር ድምፅ ነበር። የሞተችው ግን ሚስቱ ኢቅባል ናት።

«ደግሞ ጀመረ» አለች ረዛን።

«ተይው» አለች አክስቷ ሲትና፣ የተምር ሳህን እያነሳች። «ሊያስተዛዝን የመጣ እንግዳ ነው። ከአስሩ የከሰዓት ሶላት በኋላ ምንጣፉ ይነሳል፣ ሁሉም ወደየቤቱ ይሄዳል።»

ረዛንን ያንገበገባትም ይኸው ነው። ምንጣፉ ተነሳ ማለት ሐዘኑ ተዘጋ ማለት ነው። የኦምዱርማን ሰው እናቷን «የጊታሪስቱ ሚስት» ብሎ ቀብሮ ወደ ሥራው ሊመለስ ነው።

ኢቅባል ሞተር ጠቅላይ ነበረች። ሙያውን ከአባቷ ወርሳ፣ የቤታቸውን የፊት ክፍል ሱቅ አድርጋ፣ የተቃጠለ የቬንትሌተርና የውሃ ፓምፕ ሽቦ ስትፈታና በአዲስ መልሳ ስትጠቀልል ኖረች። በጋ ሲገባ ሰው ቬንትሌተሩን እንደ ታመመ ልጅ አቅፎ ደጇ ይሰለፋል። እሷም አታባብልም። «ይሄን መጀመሪያ ማን ጋ ነው ያሠራኸው? ዳቦ ጋጋሪ ጋ?» ትላለች። የተቃጠለውን ጥቅል ታሸትና «ይሄ ቀኑን ሙሉ ሲዞር የዋለ ነው። አማችህ መጥታለች አይደል?» ብላ ታስቃለች። ሰው እየተሰደበ ይመለስላት ነበር፣ እሷ የነካችው ሁለተኛ አይቃጠልማ።

ሐሰቡ ከዱባይ የተመለሰ ጊዜ ረዛን ገና ተማሪ ነበረች። ከጊታሩ ክሮች ሥር ተቀምጣ ድምፁን የምትለቅመውን፣ ሙዚቀኞቹ ፒክአፕ የሚሏትን ነገር፣ አዲስ አምጥቶ ለጠይፉር ሰጠው። ጠይፉር ተቀብሎ የሐሰቡን ግንባር ሳመ። እዚያው ግቢ ውስጥ ገጥመው ሞከሯት። ሐሰቡ እያጨበጨበ ወጣ።

«ጥሩ ነው አይደል?» አለ ጠይፉር፣ በሩ እንደተዘጋ።

«ጥርሴን አሳመመኝ» አለች ኢቅባል። «ማንኪያ ሳህን ሲፍቅ ነው የሚመስለው። መልስለት።»

«ስጦታ ይመለሳል እንዴ? ሰውዬው በፎጣ ጠቅልሎ እኮ ነው ያመጣው! ደግሞ ይቺን ቁልፍ ሳዞራት ለስለስ ይላል፣ ስሚ።»

«እሱማ ብርድ ልብስ ጫንክበት። የታፈነና የለሰለሰ አንድ ነው እንዴ? ወዲህ በል። ለፎጣው ስንል ክዳኑን እናስቀርለታለን።»

ያን ዕለት የማንም ቬንትሌተር አልተሠራም። ኢቅባል ነጩን ክዳን አውልቃ የውስጡን ሽቦ ሁሉ ፈታችው። ጠንካራዎቹን ማግኔቶች አውጥታ ከአሮጌ ዕቃ የነቀለቻቸውን ደከም ያሉትን ተካች። ከዚያ ከተጣለ የስልክ ደወል ውስጥ ያገኘችውን፣ ከፀጉር የቀጠነ የመዳብ ሽቦ ረዛንን አስይዛ በእጇ መጠቅለል ጀመረች።

«ደካማ ማግኔት ለምን?» አለች ረዛን።

«ኃይለኛው ክሩን ኮሌታውን ይዞ ይጎትተዋል። ይሄኛው ይለቀዋል፣ ክሩ እንደልቡ ይተነፍሳል።»

«ሽቦውስ ከበፊቱ ለምን በዛ?»

«መንገዱ ሲረዝም ቀጭኑ ድምፅ ይደክመውና ይቀራል። ወፍራሙ ነው የሚደርሰው። አትጎትቺው! ይበጠሳል አልኩሽ።»

መጀመሪያ አበዛችው። ጠይፉር ሲመታው ድምፁ ከሞንታርቦው እንደ ገንፎ ወጣ፤ ፊደሉ የማይለይ፣ የተድበሰበሰ። ኢቅባል ሳትበሳጭ ፈታ አደረገችው፣ እንደገና አስሞከረችው፣ እንደገና ፈታችው። ሲስማማት የሞተር ቫርኒሽ ቀባችው፣ ያንን ጠቆር ያለ ቀይ፣ ለሁሉም ሥራዋ የምትቀባውን። አድርቃ ክዳኑን መለሰችና ከክሮቹ ዝቅ አድርጋ አሰረችው።

ጠይፉር አንድ ክር ብቻ መታ። ድምፁ ክብ ነበር፣ ሙቀት ነበረው፣ ከደረት የሚወጣ ይመስል ነበር። ሌላ ክር አልመታም። ሚስቱን አያት።

«እንዴት ነኝ?» አለች ኢቅባል፣ ቅንድቧን ሰቅላ።

ከዚያ ወዲህ የሰርግ ቤት ሁሉ ያንን ድምፅ ፈለገ። ኢቅባል ከሴቶቹ መሀል ወደኋላ ትቀመጥና ጊታሩ ሲገባ ልክ ስሟ እንደተጠራ የተከናነበችውን ቶብ አስተካክላ አገጯን ቀና ታደርጋለች። አጠገቧ ያለችው «ከዱባይ የመጣ ነው አሉ» ስትላት «አሉ» ትላለች። ረዛን ደሟ ይፈላል።

«ለምን አትነግሪያቸውም?»

«ማን ጠየቀኝ? የጠየቀ ቀን እነግራለሁ። እኔ ሥራዬን ይዤ ሰው ደጅ አልዞርም።»

የጠየቀ አልነበረም። ሐሰቡም በየመድረኩ ዱባይን እየጠራ ዓመታት አለፉ።

«ግን አንድ ነገር ግራ ገብቶኛል» አለ ሐሰቡ ከግንቡ ማዶ። «ከዚያው ሱቅ ያችኑ ዓይነት ሌላ አስመጣሁ፣ ለአዲሱ ጊታሪስት። ቆርቆሮ! ዶሮ ሲታረድ ነው የሚመስለው። ጠይፉር፣ በአላህ፣ ያንተዋን ምን አድርገህባት ነው?»

«ያንተን ድምፅ ሰምታ ይሆናል የጮኸችው» አለ ቦንጎ መቺው ደፈዓላህ። የታፈነ ሳቅ ተሰማ።

ረዛን ብርጭቆው እጇ ላይ ቀረ። ተጠየቀ! አባቷ የሚለውን ጠበቀች።

«ያው… የአላህ ጸጋ ነው» አለ ጠይፉር።

እጇን ቶቧ ላይ ጠርጋ ተነሳች። ጊታሩን ከግድግዳው አወረደች፣ ከሱቁ ካቻቢቴ አነሳች። ሲትና በሩ ላይ ቆመችባት።

«የት ነው?»

«ተጠየቀኮ አክስቴ። የጠየቀ ቀን ነበር ያለችው። ይኸው ጠየቁ።»

«ወንዶች ድንኳን? ሐዘን ቤት ጊታር ይዘሽ? አብደሻል!»

«አልመታውም። እከፍተዋለሁ።»

ድንኳኑ ውስጥ ስትገባ ወሬው ቀጥ አለ። አንድ ሽማግሌ «አስተግፊሩላህ» እያሉ ፊታቸውን አዞሩ። ረዛን ማንንም ሳታይ ጊታሩን አባቷ ጉልበት ላይ አጋደመችው፤ ካቻቢቴውን አቀበለችው።

«አጎቴ ሐሰቡ ጠየቁህ አባዬ።»

«እንግዳዬ ነው» አላት ዝቅ ብሎ። «ሊያጽናናኝ ነው የመጣው። እንዴት አሳፍረዋለሁ?»

«እሷስ?»

ጠይፉር ካቻቢቴውን ትንሽ አየው። ከዚያ ክሮቹን አንድ በአንድ ማላላት ጀመረ። ብሎኖቹን ፈታ፣ ፒክአፗን አነሳ፣ ነጩን ክዳን ይዞ ሳበ።

ውስጧ ጠቆር ያለ ቀይ ነበር።

ደፈዓላህ አንገቱን አሰገገ። «ይቺ ቀለም! እኛ ቤት ቬንትሌተር ውስጥ አለች!»

«እኔም ቤት ፓምፕ ውስጥ አለች» አሉ ሽማግሌው፣ ወደ ጊታሩ እየዞሩ።

«ኢቅባል ናት» አለ ጠይፉር። እስካሁን በዚያ ድንኳን ውስጥ «ባለቤትህ»፣ «የረዛን እናት»፣ «ሟች» ሲባል ነው የከረመው፤ ስሟን የጠራ አልነበረም። «ያመጣህልኝ ድምፁ ሾለብኝ፣ ሐሰቡ። ልነግርህ አፈርኩ። እሷ ማግኔቱን ቀየረችው፣ ሽቦውን በእጇ ጠቀለለችው። ያንተ የቀረው ክዳኑ ነው።»

«ክዳኑ ብቻ?»

«ክዳኑ ብቻ።»

ሐሰቡ ፊቱ ጠቆረ። ሰው ሁሉ የገዛ እግሩን ማየት ጀመረ። ረዛን ይቆጣል ብላ መልሷን አዘጋጅታ ነበር፣ ረጅም መልስ።

«እኔ ደግሞ ለአገር ሁሉ…» አለና ግንባሩን ጠረገ። ጎንበስ ብሎ ቀዩን ጥቅል በቅርብ አየው። «ከጀርባዬ ቆማ ይሄን ሁሉ ዘመን ስትጫወትልኝ ኖራለች። እኔ ሰላም እንኳ በወጉ ብያት አላውቅም።»

ተነሳና መዳፎቹን ዘረጋ። መድረክ ላይ ሲሆን እንደሚያደርገው ድምፁን ለቀቀው።

«ያለፈውን ፋቲሃ የቀራሁት ለጠይፉር ሚስት ነበር። ይሄኛው ለኦርኬስትራችን ሙዚቀኛ ነው። ለኢቅባል!»

ድንኳኑ ሙሉ ተነሳ። ከግንቡ ማዶ፣ ከሴቶቹ መሀል ሲትና «በስሟ ጠሯት» ስትል ተሰማች። ረዛን እንደ ወንዶቹ መሀላቸው ቆማ መዳፏን ዘረጋች። «ውጪ» ያላት አልተገኘም።

ሐሰቡ ሲሰናበት ነጩን ክዳን አንስቶ የጀላቢያው ኪስ ከተተው። «ይቺ ድርሻዬ ናት» አለ።

ከአስር ሶላት በኋላ ምንጣፉ ተነሳ። ድንኳን ነቃዮቹ ብረቱን እያንኳኩ ሲጭኑ አባትና ልጅ ሱቁ ውስጥ ተቀመጡ።

«ሌላ ክዳን ልፈልግላት?» አለ ጠይፉር።

«ይቅር። ትታይ።»

ክዳኑ ሲነቀል ግን የሽቦው መውጫ ጫፍ ላላ ብሏል። ረዛን ከእናቷ መሳቢያ የሞተር ማሰሪያ ክር ቆርጣ ጫፉን ከጥቅሉ ጋር ዙሪያውን አሰረችው። ለቋጠሮው ሦስተኛ እጅ ያስፈልጋት ስለነበር አባቷ አመልካች ጣቱን አስቀመጠላት። ሳበችው። ጠበቀ። የተረፈውን ክር በጥርሷ በጠሰች።

«አባዬ፣ ጠብቋል እኮ።»

«አውቃለሁ» አለ ጠይፉር።

ጣቱን ግን አላነሳም።