ስንጥቁን የከለለው ወንበር

እኔ ደላላ ነኝ። ደላላ ይዋሻል ይባላል፤ ሐሰት ነው። ደላላ ወንበር ያንቀሳቅሳል።

የዚያን ቀን ያንቀሳቀስኩት ሽማግሌው የሚቀመጡበትን ነበር። የሳሎኑ ግድግዳ ላይ ከመስኮቱ ጥግ እስከ ወለሉ የወረደ ስንጥቅ አለ። ወንበሩን ስንጥቁ ፊት አድርጌ ሽማግሌውን አስቀመጥኳቸው። ቤቱ የእሳቸው ነው፤ ሻጩም እሳቸው ናቸው። እስከዛሬ ሽማግሌን ከመቀመጫው የሚያስነሣ ባለጌ ገዢ ገጥሞኝ አያውቅም።

ልጆቻቸው፣ ወንድና ሴት፣ ሽያጩን አቻኩለውታል። ለአባታቸው «ደረጃ የማትወጣበት ቤት እንፈልግልሃለን» ብለዋል። ለእኔ ግን መጦሪያ ቤት እንዳስመዘገቧቸው ነግረውኛል። የወንዱ ሚስት አብረውን ይኑሩ ቢባል እሺ አትልም፤ ሴቷ ደግሞ ቤቴ ጠባብ ነው ባይ ናት። ሽማግሌው ውሉን ከፈረሙ በኋላ ይነገራቸዋል ተባለ። ነገሩ ከንክኖኛል። ቢሆንም የከነከነኝን ሁሉ ብተው ኖሮ እስካሁን አንድም ቤት አልሸጥም ነበር።

ልጆቹም ባሉበት ገዢዎቹ ባልና ሚስት መጡ፤ ሚስትየዋ ነፍሰ ጡር ናት። ቤቱን የሚመረምርላቸው ኢንጂነር ባትሪና መዶሻ ይዞ ተከተላቸው። ገና ከመግባታቸው ሽማግሌው ብድግ አሉ። ይነሣሉ ብዬ አላሰብኩም ነበር።

«ኧረ በእግዚአብሔር፣ አይነሡ አባቴ!» አለች ሴትየዋ።

«የሁለት ነፍስ ሰው ቆማማ እኔ አልቀመጥም» አሉና ወንበሩን ራሳቸው እየጎተቱ ወደ መሃል አመጡላት። «ነይ፣ ከዚያ ግድግዳ ራቅ በይ፤ ተሰንጥቋል።»

ወንድ ልጃቸውን ሳል ያዘው። እኔ ቀና ብዬ ጣሪያውን አየሁ። እሱም ያፈሳል።

«ሌላስ ምን አለ አባቴ?» አለ ኢንጂነሩ።

«የማውቀውንማ መናገር አለብኝ» አሉ። ከዚያ ምን ቀራቸው! ጣሪያውን፣ የሚደፈነውን ቱቦ፣ የማይዘጋውን የጓዳ በር አንድ በአንድ ዘረገፉት። ቤቱን የሚሸጡ ሳይሆን የሚከሱ ነበር የሚመስሉት።

«ደግሞ የመኝታ ቤቴ ግድግዳ ስስ ነው። ሳሎን የሚወራው ይሰማል።»

«ምን ያህል ይሰማል?»

«ትናንት ልጆቼ መጦሪያ ሊያስገቡኝ ሲመካከሩ አንዲት ቃል አላመለጠችኝም» አሉ፣ ስለ ቱቦው ባወሩበት ድምፅ።

ወንድ ልጃቸውን እንደገና ሳል ያዘው። ኢንጂነሩ ግን ሥራው ነውና «እንሞክረው» ብሎ ሽማግሌውን ይዞ መኝታ ቤት ገባ፤ በሩንም ዘጋ።

«እስቲ ቀስ ብላችሁ አንድ ነገር ተናገሩ!» ሲል ሰማነው።

ባልና ሚስቱ ይተያያሉ፤ ወንድ ልጃቸው ጫማውን ያያል። አፈርኩ፤ በምላሴ የማድረው እኔም የራሴን ጫማ ማየት ጀመርኩ። በመጨረሻ ሴት ልጃቸው ወደ ግድግዳው ጠጋ አለች።

«አባዬ፣ እኔ ጋ ነው የምትኖረው» አለች በሹክሹክታ።

«ይሰማል!» አለ ኢንጂነሩ ከወዲያ።

ከዚያ የሽማግሌው ድምፅ መጣ። «ቤቴ ጠባብ ነው ስትዪ አልነበረም እንዴ?»

ዓይኗን በእጅጌዋ ጠረገች። «ጠባብ ነው አባዬ። የምትተኛው ሳሎን ነው። ጣሪያውም ያፈሳል።»

«ታዲያ እንዲህ ብለሽ አትነግሪኝም?» አሉ ሽማግሌው። «በሉ፣ የምፈርመውን አምጡልኝ።»