ሻምበሉ የሚጎትታት ወንበር

«ያ ረጅሙ ሰውዬ መጣልሽ» አለች አክስቷ ጉሲ፣ እንቁላሉን ልጣ ሳትጨርስ በአገጯ ወደ በሩ እያመለከተች።

ሮዳ ዋክስማን ቀና አላለችም። መስታወቱ ሁሉ በአንሶላ በተሸፈነው ሳሎን ውስጥ፣ ሐዘንተኛ በሚቀመጥበት አጭር በርጩማ ላይ ጉልበቷን አቅፋ ተኮራምታለች። ቀና ማለትም አላስፈለጋትም፤ ጫማውን ታውቀዋለች። ጡረታ የወጣ ፖሊስ እንኳ የማይጥለው፣ እንደ መስታወት የተወለወለ ጥቁር ጫማ ነው። ከቀብሩ ማግስት ጀምሮ በየቀኑ ይመጣል። ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ መስኮቱ ሥር ይቀመጣል፤ እንግዳው ሲሳሳ ተነስቶ ይሄዳል። አንድ ቃል ተንፍሶ አያውቅም።

የማይናገረው ስለማይፈቀድለት ነው። በአይሁድ ለቅሶ ቤት ሐዘንተኛው ሳያናግረው እንግዳ አፉን አይከፍትም። ይህን ሥርዓት ለዚህ ጣሊያን ማን እንደነገረው እንጃ። ሮዳ ግን ከአባቶቿ ሥርዓት ሁሉ ይህችኛዋን በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደደቻት። ጠበቃ ሆና ፍርድ ቤት ስትመላለስ ስትመኘው የኖረችው መሣሪያ ይኸው ነበር፤ የባላጋራን አፍ ዝም ብሎ መዝጋት።

«አንቺ ልጅ፣ አናግሪውና ይገላገል» አለች ጉሲ በሹክሹክታ። «ወንበሬን ሊጨርሰው ነው።»

«ፋሲካ እስኪደርስ ይቀመጥ።»

«ለፋሲካማ እኔም አልደርስ ይሆናል።»

«እንግዲያው ተያይዛችሁ ትሄዳላችኋ!»

ጉሲ በእንቁላል ልጣጭ ወረወረቻት። የታችኛው ፎቅ ጎረቤት፣ ጥርስ ሐኪሙ፣ ሳቁን በሳል ሸፈነ። ከዚያ ሮዳ ያናገረችው ይመስል ጠጋ አለና፣

«አባትሽ እኮ» አላት፣ «ፖሊስን ሰው አደረገልን።»

«ሰው ያደረገው ተዋናይን ነው» አለች ሮዳ። «ፖሊሱ እዚያው እንደነበረ ነው። ከፈለጉ ስሙን ጠርቼ አንዱን አሳይዎታለሁ፤ ሩቅ አይደለም።»

መስኮቱ ሥር ያለው ሰው ባርኔጣውን አንድ ጊዜ አዞረ። ጥርስ ሐኪሙ ጠረጴዛው ላይ ወዳለው የተጨሰ ዓሣ ሄደ።

*

የሞተው የሮዳ አባት፣ ሄርሽል ዋክስማን ነው። አገሩ ግን በዚህ ስም አያውቀውም። የልብስ ሰፊ ልጅ የሆነው ሄርሽል ለአገሩ አየርላንዳዊው ሻምበል ዶኔጋን ነው፤ «የዴላንሲ ጣቢያ» የተባለው የቴሌቪዥን ኮሜዲ አለቃ። በየሐሙስ ምሽቱ ኒው ዮርክ እራቱን ይዞ ፊቱ ይቀመጥ ነበር። ማሞቂያው የማይሠራ አሮጌ ፖሊስ ጣቢያ፣ የሚያፈላውን ቡና ወንጀለኛ እንኳ የማይጠጣለት መርማሪ፣ ከጥግ ደግሞ የብረት ፍርግርግ ያለው የእስረኛ ማረፊያ ነበረው ኮሜዲው። በየሳምንቱ አንድ ሰው ፍርግርጉ ውስጥ ይገባል፤ ፔንግዊን የሰረቀ ሒሳብ ሠራተኛ፣ በሠርጓ ዕለት ሙሽራውን የነከሰች ሙሽራ።

የቀብሩ ዕለት ግራንድ ጎዳና ላይ ማንም ያልጠራቸው ፖሊሶች ግራና ቀኝ ተሰልፈው፣ ሬሳው ሲያልፍ ቆባቸውን አወለቁ። ከአውቶቡስ የወረዱ ሰዎች ከእነ ዘንቢላቸው ቆሙ። ያን ያህል ሕዝብ ያን ያህል ጸጥ ሲል ሮዳ አይታ አታውቅም፤ አንድ ጊዜ በስተቀር። እሱም በአባቷ ምክንያት ነበር።

የሕግ ተማሪ ሳለች ስቱዲዮ ገብታ ቀረጻ አየች። ሦስት መቶ ተመልካች ሲንጫጫ፣ ሲስቅ፣ ሲያጨበጭብ ቆየ። መጨረሻ ላይ ሻምበሉ ከቢሮው ወጣ። ከጠረጴዛው ሥር እግሯ ያጠረ ወንበር አወጣ። ወለሉ ላይ ጎተታት፤ ጥርስ የሚያፋጭ ድምፅ አሰማች። ከፍርግርጉ ፊት አስቀመጣትና ተቀመጠ፤ ከእስረኛው ዝቅ ብሎ፣ ሽቅብ እያየው። «እሺ» አለ። «አሁን ንገረኝ።»

ሦስት መቶ ሰው መተንፈስ አቆመ። ሲስቅ የነበረው ሁሉ፣ ፋንዲሻ የያዘው ሁሉ። የሮዳ የክንዷ ፀጉር ቆመ። ከዚያ እስረኛው እውነቱን ተናገረ። ሻምበሉ ተነስቶ ወንበሯን ወደ ቦታዋ ተሸክሞ መለሳት፤ መቀመጫዋንም በእጅጌው ወለወለ። በዚያ ቆሻሻ ጣቢያ የምትጸዳው ዕቃ እሷ ብቻ ስለሆነች አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።

ክንዷ ላይ ስለቆመው ፀጉር ለማንም አልተናገረችም። እራት ላይ ይልቅ ጦር ሰበቀች።

«የት ጣቢያ ነው ወንበር የሚጎተተው? እውነተኛው ጣቢያ ውስጥ ወንበር የሚነሳው ሰው ላይ ሊሰበር ነው! የአያቴን ትከሻ የሰበረው ፈረሰኛ ፖሊስ አልነበረም? አንተ ደግሞ ፖሊስ መስለህ አገሩን ታስቃለህ!»

«ታዲያ ምን ልጫወት?» አላት አባቷ ሾርባውን እያማሰለ። «ፈረሱን?»

*

አመሻሹ ላይ መርቪን ታዉብ መጣ። በኮሜዲው ያን ቡና የሚያበላሸውን መርማሪ ሆኖ የተጫወተው እሱ ነው። አሁን በከዘራ የሚሄድ ሽማግሌ ሆኗል። ሮዳ እስክታናግረው ቆሞ ጠበቀ፤ ሥርዓቱን ያውቃል።

«ተናገር መርቪን» አለችው።

«ቡና አለ?»

«አንተ ካላፈላኸው አለ» አለች ጉሲ። ቤቱ ሳቀ፤ ሮዳም ሳታስበው ሳቀች። መርቪን ግን ዓይኑ ወደ መስኮቱ ሄደ።

«ማነው እሱ?»

«ማንም አይደለም» አለች ሮዳ።

ማንነቱን ግን በደንብ ታውቀዋለች። ዩጂን ስካልዞ ይባላል። ሮዳ ገና ጀማሪ ጠበቃ ሳለች፣ ብሩክሊን ውስጥ ለልብስ ንጽህና መስጫ ዕቃ የሚያመላልስ ሌስተር ብራይስ የተባለ ልጅ ጣቢያ ገብቶ ክንዱ ተሰብሮ ወጣ። ፖሊሱ ስካልዞ ችሎት ፊት እጁን አንስቶ ማለ። ልጁ ፖሊስ መትቶ ሲሮጥ ከደረጃ ወደቀ አለ። ሮዳ ተሟገተች፣ ጮኸች፣ ጠረጴዛ ደበደበች። አባቷ ሊያያት መጥቶ የኋላ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ነበር። ፍርድ ሰጪዎቹ አሥራ ሁለት ሰዎች ደጋግመው ዞር እያሉ ፈገግ ይሉለታል። እሱን አይተው ወደ ስካልዞ ሲመለሱ ዓይናቸው ውስጥ የቀረው የሻምበል ዶኔጋን ፊት መሆኑን ሮዳ አየች። ሌስተር ሦስት ዓመት ተፈረደበት።

ከችሎቱ ስትወጣ አባቷን መተላለፊያው ላይ ፖሊሶች ከበውታል። ስካልዞ አግዳሚ ላይ ተቀምጧል፤ አባቷ ከፊቱ ቁጢጥ ብሎ ብዕር ይዟል። ለውሸታሙ ፊርማውን እየሰጠው ነው! ጥላው ሄደች። ከዚያ ወዲህ አባትና ልጅ በልደት ቀን ብቻ ይደዋወሉ፣ ስለ አየር ጠባይ ያወሩ ነበር።

*

እንግዳው ሲበተን ሮዳና ጉሲ ወጥ ቤት ሳህን አጠቡ። ነገ ጠዋት ለቅሶው ያበቃል፤ በሥርዓቱ ተነሱ ይባላሉ፣ ሰፈሩን ዞረው ይመለሳሉ፣ መስታወቱ ይገለጣል።

«ያቺ ወንበር የት ደረሰች ይሆን?» አለች ጉሲ ድንገት።

«የቷ? የድርሰቱ ወንበር?»

«የምን ድርሰት! ጸሐፊዎቹማ ሻምበሉ ቆሞ ይጮሃል ብለው ነበር የጻፉት። ወንበሯን ያመጣት ሄርሽል ነው። ዳይሬክተሩ ሊያባርረው ነበር፤ ካሜራው ዝቅ አይልም ብሎ።»

ሮዳ ሳህኑን አስቀመጠች።

«አባታችን በልብስ ሰፊዎቹ አድማ ጊዜ የተያዘ ዕለት» አለች ጉሲ፣ «እናታችን እኔን አዝላ፣ ሄርሽልን እጁን ይዛ ጣቢያ ሄደች። አባታችን ትከሻው ተሰብሮ ወለሉ ላይ ተኝቷል። ከፖሊስ ፖሊስ እየዞረች ለመነች። ሁሉም ቆመው ነው የሚያናግሯት። ሄርሽል ትንሽ ነበር። ምን አየህ ብዬ አንድ ቀን ብጠይቀው፣ የቀበቶ ዘለበት አለኝ። ቀኑን ሙሉ ያየሁት የቀበቶ ዘለበት ብቻ ነው፤ አንዱ እንኳ ዝቅ ብሎ ፊቱን አላሳየኝም አለ።»

ቧንቧው ይፈሳል። ሮዳ አልዘጋችውም።

«ለምን ለእኔ አልነገረኝም?»

«ጠየቅሽው? አንቺ ክስ ነው የምትመሠርቺው።» ጉሲ ቧንቧውን ዘጋችላት። «አባታችን ያን ፕሮግራም ሲያይ፣ ፖሊስ ሲባል ምራቁን የሚተፋው አባታችን፣ ወንበሯ የተጎተተች ጊዜ እጁ ወደ ትከሻው ሄደ። ቴሌቪዥኑ ከጠፋ በኋላም እጁን ከትከሻው አላወረደም።»

*

በማግሥቱ ጠዋት ሰዎች ተሰበሰቡ። በኪራይ የመጡት ወንበሮች ታጥፈው ግድግዳ ተደግፈዋል። መርቪን «ተነሱ» ሊል ጉሮሮውን ሲጠርግ በሩ ተከፈተ፤ ስካልዞ ገባ። የሚቀመጥበት አጣ። ሳሎኑ መሃል፣ ሮዳ ፊት ቆሞ ቀረ።

በርጩማው ላይ ከተቀመጠችበት ሮዳ የታያት የቀበቶው ዘለበት ነው።

ትልቅ፣ ነሐስ፣ ጠርዙ የተፋቀ። ከዚያ በላይ ባርኔጣ የጨበጡ ሁለት እጆች ይታያሉ። ለካ ደጅ ሲያስጠናው የሰነበተው የእሷ ዝምታ ነው! ሲመላለስ ሰንብቶ አንድም ቀን ፊቱን አላየችውም። ከዚህች በርጩማ ላይ ሆና፣ ከሁሉም በታች ተቀምጣ፣ እንደ እነዚያ ፖሊሶች ከሁሉም በላይ ቆማ ነበር።

«ለሰውየው ወንበር ስጡት» አለች።

አንድ ሰው የወጥ ቤቱን ወንበር አቀበለ። ስካልዞ ተቀመጠ። ሮዳ ተነሳች፤ በርጩማዋን በአንድ እጇ ይዛ ወለሉ ላይ ጎተተቻት። ጥርስ የሚያፋጭ ድምፅ አሰማች። የመርቪን ከዘራ ከእጁ ወደቀ። ከፊቱ አስቀመጠቻትና ተቀመጠች፤ ሽቅብ አየችው። ያረጀ፣ ያልተላጨ ፊት ነው።

«እሺ» አለች። «አሁን ንገረኝ።»

ድምፁ የእሷ አልነበረም። እሷም ሰማችው፤ ሁሉም ሰማው። ቤቱ ውስጥ የሚተነፍስ ጠፋ። ከመንገዱ የአውቶቡስ ድምፅ እንኳ የቆመ መሰላት፤ የክንዷ ፀጉር ቆመ።

«ልጁ ከደረጃ አልወደቀም» አለ ስካልዞ።

«አውቃለሁ።»

«እኔ ነኝ የሰበርኩት። በቆመጥ።»

«እሱንም አውቃለሁ።»

«አዎ ያውቃሉ። የማያውቁትን ልንገርዎ።» ባርኔጣው ወደቀ፤ አላነሳውም። «ያን ቀን አባትዎ መተላለፊያው ላይ አግዳሚው ላይ አስቀመጡኝና ፊቴ ቁጢጥ አሉ። ያ ሁሉ ሰው እያየ፣ መሬት ላይ። ‹እሺ፣ አሁን ንገረኝ› አሉኝ። ጓደኞቼ ሳቁ። እኔም ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። ብዕርና ወረቀት ሰጥቼ ይፈርሙልኝ አልኩ። ፈረሙ። ግን አልተነሱም። ወረቀቱን መልሰው፣ ሽቅብ እያዩኝ ጠበቁኝ። እኔ ነኝ ጥያቸው የሄድኩት። በሩ ጋ ደርሼ ዞር ስል እዚያው ናቸው። ሲነሱ አላየሁም። ገባዎት? ሲነሱ አላየሁም። ለእኔ እስከ ዛሬ እዚያው ቁጢጥ እንዳሉ ናቸው።»

ሮዳ ያየችው ብዕሩን ነበር። ከብዕሩ በኋላ ያለውን ሳታይ ሄዳለች። አንድ ሽማግሌ ፍርድ ቤት ወለል ላይ፣ ልጁ በአንዱ በር፣ ውሸታሙ በሌላው በር ጥለውት ሲሄዱ፣ መልስ እየጠበቀ ብቻውን። ጉልበቱ እንደሚያመው ታውቅ ነበር። ማን አነሳው?

«ይህን ዳኛ ፊት ይሉታል?» አለች። አሁን ድምፁ የራሷ ነው፤ ሻካራ፣ ተሟጋች።

«መጀመሪያ ለእሳቸው ልል ነበር። ዘገየሁ። አዎ፣ እላለሁ።»

«ዳኛው እስር ቤት ሊልክዎት ይችላል።»

«አውቃለሁ።»

«ሌስተር በሕይወት አለ። ክንዱ ከዚህ በላይ አይዘረጋም።» በራሷ ክንድ አሳየችው። «ለእሱም ይነግሩታል። ቆመው አይደለም፤ ተቀምጠው።»

ስካልዞ በእሺታ ራሱን ነቀነቀ። ይቅር አላለችውም፤ እሱም አልጠየቀም። ባርኔጣውን ሳያነሳ ተነስቶ በሩ አጠገብ ቆመ። ሮዳ እሱ ሲነሳ አየች። እስከ መጨረሻው አየች።

«ተነሱ» አለ መርቪን።

ጉሲ ካፖርቷን ፈለገች። ሰዎቹ ወደ በሩ ተንቀሳቀሱ። ሮዳ ግን በርጩማዋን አንስታ ወደ ቦታዋ፣ ወደ ተሸፈነው መስታወት ሥር ተሸክማ መለሰቻት። ልትወጣ ነው ሲሏት ዞር አለች። ጎንበስ ብላ እንደ ወጉ ለሐዘን በተቀደደው ሹራቧ እጅጌ መቀመጫዋን ወለወለችው፤ አንድ ጊዜ፣ ከዚያ ጠርዙን ደግማ።

ከኋላዋ መርቪን ሳቀ፤ የስቱዲዮው አዳራሽ ሁልጊዜ የሚስቅባት ቦታ ላይ።