ግማሹ የጋሼ

ጥፋቱ የእሷው ነበር፤ ለአጎቷ ከመቶ አንድ ድርሻ መስጠት ሲበቃት ግማሹን ሰጠቻቸው።

ጠበቃው ነግሯት ነበር። «ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማህበር ለማቋቋም ሁለተኛ ሰው ግድ ነው። የምታምኚውን ሰው አምጪ፣ ከመቶ አንድ ስጪው፣ ዘጠና ዘጠኙን ያዢ። ከዚያ ማን ይነካሻል?» አላት። የምታምነው ሰው ደግሞ ነበራት። የእናቷ ታላቅ ወንድም ጋሼ ናቸው፤ አባቷ ከሞተ ጀምሮ ያሳደጓት፣ ጡረታ የወጡ ርዕሰ መምህር። ሰውየው ዕድሜ ልካቸውን ማንንም አላታለሉም፣ የማንንም አልነኩም፣ ስብሰባ እንኳን አርፍደው አያውቁም። ችግሩም ይኸው ሆነ።

ጉዳዩን የነገረቻቸው ዕለት መነጽራቸውን አውልቀው በመሐረብ ወለወሉ።

«አንድ?» አሉ በመጨረሻ። «ከመቶ አንድ? እኔ ትምህርት ቤት እኮ ከመቶ አንድ ያመጣ ልጅ ወላጁን ይዞ ነው የሚመጣው።»

እናቷ ከወጥ ቤት ሳትወጣ ማልቀስ ጀመረች። «ወንድሜን ጭራ ልታደርጊው ነው? እንግዲህ በምን ዓይኔ አየዋለሁ?»

ልጅቷ ነገር ለማብረድ «እሺ በቃ፣ ግማሽ በግማሽ!» አለች። ቸኩላ ነበር፤ ያልቸኮለችበት ቀን የለም። ጠበቃው ግንባሩን እያሸ «ማንም ማንንም ካልበለጠ፣ ያልተስማማችሁ ቀን ማህበሩ ይታነቃል» ቢላት፣ «ጋሼ እኮ ናቸው!» ብላ መመስረቻ ጽሁፉን ፈረመች። ፈራሚው ማን ይሁን ሲባልም፣ ልትመርቃቸው አብራ የሄደችው እናቷ ከጥግ ተቀምጣ «ሁለቱም ናቸዋ! ይሄ ምን ጥያቄ አለው?» አለች። እንደዚያው ተጻፈ። ከዚያ ወዲህ ከማህበሩ የምትወጣ አንዲት ወረቀት የሁለት ሰው ፊርማ ያስፈልጋታል።

ቢሮው የጋሼ ቤት የፊት ክፍል ነው። ሁለቱ ጠረጴዛዎች ፊት ለፊት ስለተገጠሙ ቀና ባለች ቁጥር የምታየው እሳቸውን ነው። መስኮቱ ሲከፈት የጎረቤት ግድግዳ አለ። የበሩ ማጠፊያ ስለላላ በሩ በሁለት እጅ ከፍ ካልተደረገ አይገጥምም። እሷ ገፋ አድርጋው ትገባና እንደተከፈተ ትተወዋለች።

«በሩን!» ይላሉ ጋሼ ቀና እንኳን ሳይሉ። «በሩን፣ ሚጣ!»

እሷ ጆሮ ዳባ ልበስ ብላ ትቀመጣለች። እሳቸው ይነሳሉ፣ በሩን ከፍ አድርገው ይገጥሙታል፣ ከዚያ ቀኑን ሙሉ ሁለቱ ብቻቸውን ናቸው።

የምግብ መሐንዲስ ናት። ሥራዋ ፋብሪካ ገብታ ምርቱ ለምን እንደሚበላሽ ማግኘት ነው፤ ታገኘዋለችም። ማግኘቱ አልገደላትም፤ የገደላት ማስፈረሙ ነው። «ያላነበብኩትን ፈርሜ አላውቅም፤ ያልገባኝን ደግሞ አነበብኩ አልልም» ይላሉ ጋሼ። በቀይ እስክርቢቶ ያነባሉ። ኮማ ያስገባሉ፣ አንቀጽ ይቆርጣሉ፣ «ይህን ሐሳብ አብራሪ» ብለው ዳር ላይ ይጽፋሉ። አብራርታ ስትመልስ ማብራሪያውን ያርማሉ። መጀመሪያ የመጣው ዳቦ ቤት ጠብቆ ጠብቆ ተወው። ጭማቂ የሚያሽገው ደንበኛ ደግሞ ስልኳን ማንሳት አቆመ።

ለመውጣት ሳትሞክር ቀርታ አይደለም። ጠበቃው ጋ ተመልሳ ሄደች።

«ድርሻሽን ለመሸጥ የእሳቸው ፈቃድ ያስፈልጋል» አላት። «ማህበሩን ለማፍረስም የእሳቸው ፈቃድ። ለብቻሽ ሆነሽ ይኸንኑ ሥራ ልሥራ ካልሽም አባል ነሽና የእሳቸው ፈቃድ።»

«ለመታመምስ?»

ጠበቃው ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

ፈቃዱን ስትጠይቃቸው ጋሼ አልተቆጡም። ቢቆጡ በተሻላት። «ምን አጠፋሁ?» ነው ያሉት፤ ድምፃቸው እንደ ልጅ ቀጥኖ። ማታውን እናቷ ሳታናግራት ተኛች። ጠዋት ጋሼ ከእሷ ቀድመው ቢሮ ተቀምጠው ነበር፤ ከረቫታቸውን አስረው፣ ቀዩን እስክርቢቶ ከፍተው።

የቀራት አንድ ደንበኛ የወተት ፋብሪካው ነው። ወተቱ ሱቅ ሳይደርስ እየኮመጠጠ አስቸግሯቸዋል። ምክንያቱን አግኝታ ሪፖርቱን ከጻፈች ሰንብታለች፤ ሪፖርቱ ግን ለሦስተኛ ጊዜ ታርሞም ከጋሼ እጅ አልወጣም። ይህም ካመለጣት ስሟ ያበቃለታል፤ ፋብሪካ ከፋብሪካ ይነጋገራል።

አንድ ጠዋት የፋብሪካው የምርት ኃላፊ ሳይታሰብ ከች አለ። ዓይኑ እንቅልፍ ያጣ ሰው ዓይን ነው። በሩን ገፋው፤ በሩም እንደተገፋ ቀረ።

«በሩን!» አሉ ጋሼ። ቀና ሲሉ እንግዳ ነው፤ ብድግ አሉ። «ውይ፣ ይቅርታ ልጄ! ሚጣ መስለኸኝ ነው። ግባ፣ ግባ። ሚጣ፣ ወንበር!»

ሚጣ ወንበር አመጣች።

«ኢንጂነር፣» አላት ሰውየው ሳይቀመጥ፣ «ወተት እየደፋሁ ነው። ትናንትም ደፋሁ። ዛሬ ሪፖርቱ ካልደረሳቸው አለቆቼ ሌላ አማካሪ ሊያመጡ ነው። አንቺን ያመጣሁሽ እኔ ነኝ፤ አታዋርጂኝ።»

«አልቋል» አለች። «ጋሼ ጋ ነው።»

«የት አልቆ!» ጋሼ ወረቀቱን ከፍ አደረጉት። ኩፍኝ የወጣበት ይመስላል። «ይኸው ገጽ ሦስት፤ ‹በቧንቧው ውስጥ የባክቴሪያ ንብርብር› ትላለች። እስቲ አንተ ገባህ?»

«ገብቶኛል፣ አባቴ።»

«በትህትና ነው እንጂ አልገባህም።»

«ጋሼ፣» አለች ጥርሷን ነክሳ፣ «ይፈርሙልኝ። ዛሬን ብቻ። የቀረውን ነገ አርመዋለሁ።»

«ዛሬን ብቻ ብዬ ያሳለፍኩት ተማሪ የለም።» ወረቀቱን አስቀምጠው ወንበራቸውን ወደ እንግዳው ሳብ አደረጉ። «እኔ ግን ሳስበው ሳስበው፣ ነገሩ የሹፌሮቹ ነው። መንገድ ላይ ይቆማሉ። ፀሐይ ላይ አቁመው ወሬ ያወራሉ። ሰው ካልተቆጣጠሩት ምን ይሠራል? እኔ ሠላሳ ዓመት ያየሁት ይኸንን ነው።»

ሰውየው ራሱን ነቀነቀ። መጀመሪያ ለአክብሮት ያህል ነበር፤ ቀጥሎ ግን ከልቡ ሆነ። «እኛም ጠርጥረናል። ሁለቱን እንዲያውም ልናሰናብታቸው…»

እሷ ሹፌሮቹን ታውቃቸዋለች። አብራቸው ዞራለች፤ አንደኛው እንዲያውም ወተቱ እንዳይሞቅ ብሎ ምሳውን እየነዳ ነው የሚበላው። ጋሼ አልዋሹም፣ ተንኮልም የለባቸውም። የመሰላቸውን ነው የተናገሩት፣ ስለሚወዷት፣ ሊያግዟት።

«ሹፌሮቹን ተዋቸው» አለች። ከወንበሯ መቼ እንደተነሳች አላወቀችም። «ከሁለተኛው ማቀዝቀዣ ጀርባ ቧንቧው የሚታጠፍበት ቦታ አለ። አስፈታው። የእጥበት ውሃው እዚያ አይደርስም፤ ውስጡ አሮጌ ወተት ተጋግሮበታል። አዲሱን ሁሉ የሚበክለው እሱ ነው። ሲፈታ ሽታው ራሱ ይነግርሃል። ያንን መታጠፊያ በሌላ ቀይሩት።»



«በቃ?» አለ ሰውየው።

«በቃ።»

«ፊርማና ማህተሙስ?»

«ቧንቧ ማህተም አይጠይቅም። ሂድ፣ ዛሬ ሌላ ወተት ሳትደፋ።»

ሰውየው ሁለቱን አየ፣ ለጋሼ እጅ ነስቶ፣ እየሮጠ ወጣ። በሩ እንደተበረገደ ቀረ።

«ሚጣ!» ጋሼ ደርቀው ቀሩ። «ያለ ፊርማ? በነጻ? ይኸ እኮ የማህበሩ ምክር ነው። ግማሹ የእኔ ነው!»

«እርስዎ ግማሽዎን ስለ ሹፌሮቹ ነገሩት እኮ፣ ጋሼ። ይኸ የእኔ ግማሽ ነው።»

ቦርሳዋን አነሳች። የቢሮውን ቁልፍ ከቀለበቱ አውጥታ በኩፍኛሙ ሪፖርት ላይ አስቀመጠችው። ጋሼ ቁልፉን ተመለከቱ፤ እጃቸው ግን ወደ እሱ አልሄደም።

«የት ልትሄጂ ነው?»

«አላውቅም። ከዚህ ውጭ።»

«ብትሄጂም አባል ነሽ እኮ» አሉ ቀስ ብለው። «ግማሹ ያንቺ ነው፤ ማንም አይነካብሽም። እኔም አልነካብሽ። እዚሁ ቁጭ ብዬ እጠብቅልሻለሁ።»

ማስፈራራታቸው አልነበረም። ሊያጽናኗት ነው የተናገሩት፣ የባሰውም እሱ ነው። እውነታቸውን ነበር፤ የትም ብትሄድ ያ ክፍል ግማሹ የእሷ ነው። ለሌላ ፋብሪካ አንዲት መስመር ብትጽፍ የእሳቸው ፊርማ ይጎድላታል። ቦርሳዋ ውስጥ ስልኳ ጮኸ፤ እናቷ ናት። ማን እንደነገራት እግዜር ይወቅ። አላነሳችውም።

ደፉን አለፈች።

«በሩን…» አሉ ጋሼ ከኋላዋ፣ በልማድ፤ ከዚያ አፋቸውን ያዙ።

ተመለሰች። በሩን እሳቸው እንደሚያደርጉት በሁለት እጇ ከፍ አደረገችው፣ በጉልበቷ ደገፈችው፣ ከውጭ ሆና ገጠመችው።